ላሟ የላሰችው ኪስ

ይህን ታሪክ ስጀምር ሁልጊዜ ድምፄ ከፍ ይላል። ባለቤቴ «ቀስ በይ፣ ጎረቤት የተጣላን ይመስለዋል» ይለኛል። ይምሰለው። የምነግራችሁ በአንድ መስክ ላይ፣ ከጠዋት እስከ ከሰዓት በኋላ ያየሁትን ነው። ረጋ ብዬ ለመናገር እሞክራለሁ፤ ካልቻልኩ እናንተም እንደ ባለቤቴ ቻሉኝ።

ያኔ ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ብዙም አልቆየሁም። ከወላይታ ሶዶ ወደ ዲምቱ በሚወስደው መንገድ በኩል ባለች አንዲት ቀበሌ የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያ ሆኜ ተመድቤ ነበር። ተወልጄ ያደግኩት ሶዶ ነው፤ ቤታችን ከኦቶና ሆስፒታል ብዙ አይርቅም። ሁላችንም አባባ የምንለው አባቴ ጡረታ የወጣ ርዕሰ መምህር ነው፤ በቤተ ክርስቲያናችን ደግሞ ሽማግሌ ነው። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ወንድማማቾች በድንበር ሲካሰሱ የሚጠራው እሱ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ገጠር ወርዶ ሲመለስ ቅቤ ወይም እርጎ ይዞ ይመጣል። ከየት እንደሆነ ሲጠየቅ «ዘመድ ሰጠኝ» ይላል። ኮቱን ሳጥብ ከኪሱ ጨው ይራገፋል። ልጅ ሳለሁ አንዴ ብጠይቀው «መንገድ ላይ የተቀቀለ ድንች ስበላ ነው» አለኝ። አመንኩት። አባት ይታመናል።

ቀበሌዋ ራስጌ አንድ ጋራ አለ። የመንደሩ ከብት ሁሉ ዓመቱን ሙሉ የሚውለው እዚያ ላይ ነበር። ሳሩ ጥፍር እንኳ አይሸፍንም፤ ክረምት ሲገባ ውሃው አፈሩን ጠርጎ ከታች ባለው ማሳ ላይ ይደፋዋል፤ ቦረቦሩ በየዓመቱ እየሰፋ የሰዎች እንሰት ጓሮ ድረስ ደርሶ ነበር። ከጋራው ሥር የነበረችው ምንጭ በበጋ ትደርቃለች። ሴቶቹ ውሃ ፍለጋ ሩቅ ይሄዱ ነበር።

እኔ ከመመደቤ በፊት ሕዝቡ ተሰብስቦ ጋራው ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ እንዲሆን ወስኗል። ከብት አይገባም፤ ሳሩ ሲደርስ ሁሉም ወጥቶ ያጭዳል፣ ለየቤቱ እኩል ይካፈላል። ውሳኔው የጸደቀ ዕለት የክብር እንግዳ ሆኖ የተጠራው አባባ ነበር። «መሬትም እንደ ሰው ሰንበት ያስፈልጋታል፤ ጋራችን ይረፍ» ብሎ ተናግሮ ሕዝቡ አጨበጨበለት። ይህን ንግግር ቤት ውስጥ ስንት ጊዜ ደግሞልናል። እኔም ሥራ ስጀምር የማን ልጅ እንደሆንኩ ሲጠይቁኝ ደረቴን ነፍቼ ነበር የምመልሰው።

ጋራው አረፈ፤ ሲያርፍም ታየ። መጀመሪያ የወጣው አረም ነበር፤ ሰዉ «ለዚህ ነው ከብታችንን ያስወጣነው?» ብሎ አጉረመረመ። ከዚያ ሰርዶው መሬቱን ያዘ፣ ሰንበሌጡ ከወገብ አለፈ። ከብት እየነጨ ሲያጫጨው የኖረው የወይራና የዋንዛ ጉቶ አቆጠቆጠ። የቦረቦሩ አፋፍ በሳር ተሸፍኖ መናዱን አቆመ። ምንጯ በበጋም መፍሰስ ጀመረች። ሁሉም ነገር ጥሩ ሆነ ብዬ አልዋሻችሁም፤ ጥሻው ሲደፍን ጃርት ገባበት፣ የሰው ጎደሬ እየቆፈረ አስለቀሰ፤ የወፍ ቆሎ የሚባለው ቁጥቋጦም አንዳንዱን ቦታ ከሳሩ ነጠቀው። ግን ጋራው ሕይወት ዘርቶ ነበር። ጠዋት ጠዋት ስወጣ ጫማዬ በጤዛ ይርስ ነበር፤ በዚያ ደረቅ መሬት ላይ ጤዛ።

በዚህ መሀል ነው፣ በበጋው አጋማሽ አንድ ጠዋት፣ ሦስት ላሞች ጋራው ላይ ተያዙ የሚል ወሬ የመጣው። የያዛቸው ሕዝቡ ለጋራው የቀጠረው ጠባቂ ነው። የተያዙት ከእማማ ባሎቴ ደጅ የወጡ ናቸው።

እማማ ባሎቴ ባላቸው የሞተባቸው፣ ልጆቻቸው ሥራ ፍለጋ የሄዱባቸው፣ ለብቻቸው የሚኖሩ ሴት ናቸው። ያላቸው መሬት ጎጆአቸውና የእንሰት ጓሮአቸው ብቻ ነው። ቀበሌው ግቢ ስደርስ ላሞቹ አጥሩ ላይ ታስረዋል፤ እሳቸው አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀምጠዋል።

«እማማ፣ ደንቡን ያውቁት የለ? ለምን አስገቡ?» አልኳቸው።

«አውቀዋለሁ።»

«ታዲያ?»

«ሳሩ ለአንድ ቤት አንድ ድርሻ ነው። ላሙ ሦስት ነው። ድርሻዬን ጨረሰው፤ የእንሰት ቅጠል ሰጠሁት፣ እሱንም ጨረሰው። ሌሊት ሲጮህ እኔ አልተኛም።»

ላሞቹን አየኋቸው። የጎድን አጥንታቸው ይቆጠራል። ደግሞ ቁጥራቸውን ሳይ አንድ ነገር ከነከነኝ። እንዲህ ባለች ጎጆ ሦስት ላም ከየት መጣ?

«ሦስቱም የእርስዎ ናቸው?»

ቀና ብለው አዩኝና ፈገግ አሉ። «አንቺ ልጅ፣ የከተማ ልጅ ነሽ። እንዲህ ያለ አይጠየቅም» አሉኝ።

እዚህ ላይ ለማታውቁት ላስረዳ። በወላይታ ሃራ የሚባል ልማድ አለ። ከብት ያለው ሰው ከብት ለሌለው ላሙን ይሰጠዋል። ያዡ ይመግባታል፣ ይጠብቃታል፤ ከወተቱ ይካፈላል፣ ፍጉ የራሱ ነው። ላሟ የባለቤቷ ሆና ትቀጥላለች። ባለቤቱ ማን እንደሆነ ግን አይወራም። ከብቱ በዛ እንዳይባል፣ ዓይን እንዳያርፍበት፣ ሰው እንዳይመቀኘው ይደበቃል። ያዡ ስሙን ካወጣ ነውር ነው፤ ከዚያ ወዲያ ላም የሚሰጠው የለም። እኔ ይህን ሰምቼ አውቃለሁ፤ ትምህርት ቤትም እንደ መልካም የመረዳዳት ባህል ጽፌው ማርክ አግኝቼበታለሁ።

«ባለቤቶቹ ሳር እንዳለቀ ያውቃሉ?» አልኳቸው ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«አንዱ መጥቶ አየ። ‹ከብቴን አስራብሽ› አለኝ። ‹ጋራው ላይ ሳር ሞልቶ የለ? ጎህ ሲቀድ አስገቢያቸው፣ ማን ያያል?› አለኝ።»

«እምቢ አይሉም ነበር?»

«እምቢ ካልኩ ላሙን ለሌላ ይሰጣል። ላም ከሌለ ፍግ የለም። ፍግ ከሌለ እንሰት የለም። ከዚያ እኔ ምን አለኝ?»

ማን እንደሆነ ብለምናቸውም አልነገሩኝም። ይልቅ እኔን ያበገነኝ ሌላ ነገር ነው። ደንቡ ከብት ያስገባ ሰው ከሳሩ ድርሻ ይወጣል ይላል። ከድርሻው ከወጡ ላሞቹን የሚያበሉት የላቸውም፤ ስለዚህ ላሞቹ ይሄዳሉ፤ እሳቸው ባዶ ደጅ ይቀራሉ። ያን «አስገቢ» ያለውን ሰው ግን ማንም አይነካውም። 

ጉባኤው የተጠራው ሰዉ ሁልጊዜ በሚሰበሰብበት፣ ዱቡሻ በሚባለው መስክ ላይ ነው። ትልቁ የሾላ ዛፍ ሥር አግዳሚ ወንበር ለሽማግሌዎች ተደረደረ። ሰብሳቢው የጋራው ጥበቃ ኮሚቴ ሊቀመንበር አቶ ዳርጫ ናቸው። አጠገባቸው መተዳደሪያ ደንቡን ያረቀቁት መምህር ተቀመጡ፤ ከወረዳና ከሶዶ የመጡ እንግዶችም ከጎን ወንበር ተሰጣቸው። ላሞቹም ማስረጃ ናቸው ተብለው ከግቢው ወጥተው መስኩ ዳር በየገመዳቸው ተያዙ። እማማ ባሎቴ ፊት ለፊት ብቻቸውን ቆሙ።

ሊጀመር ሲል አንድ ባጃጅ ከአስፋልቱ ወርዳ መጣች። የወረደው አባባ ነው። ሙሉ ልብሱን ለብሷል። «ሽማግሌያችን ሳይኖሩ አንጀምርም ብለን ነው» አሉ አቶ ዳርጫ። ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፣ እፎይ አልኩ። አባባ ካለ አንዲት ሴት አትበደልም ብዬ አሰብኩ።

ሰዉን በእጁ እየባረከ ወደ ወንበሩ ሲያልፍ፣ ከሦስቱ ላሞች አንዷ፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ያላት ቀይ ቦቃ፣ ጆሮዋን አቆመች። ገመዷን የያዘው ሰው ሳያስበው አመለጠችው። ሮጣ አይደለም፤ ወደሚያውቁት ሰው እንደሚኬድ ቀስ ብላ መጣች። አባባ ፊት ቆመች። አንገቷን ዝቅ አድርጋ አፍንጫዋን የኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተችና በዚያ ረጅም ምላሷ ጨርቁን ትልሰው ጀመር።

ሰዉ ሁሉ ዞሮ አያት።

«ዞር በይ» አላት አባባ፤ በእጁ ገፋ አደረጋት። እሷ ግን ሌላኛውን ኪስ ሞከረች።

እኔ ያ ሁሉ ዓመት ከኮቱ ያራገፍኩት ጨው ነው ዓይኔ ላይ የመጣው። ቀና ብዬ ሽማግሌዎቹን አየሁ። አቶ ዳርጫ ሰማዩን ያያሉ። መምህሩ መነጽራቸውን ይጠርጋሉ። ሁሉም አይቷል፤ ሁሉም አላየም። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ እዚያ መስክ ላይ ግን ጉዱን የሰማ ጆሮ አልተገኘም። ላሟን ጎትተው መለሷት፤ አባባም ኮቱን አራግፎ ከዳኞቹ ጋር ተቀመጠ።

ክሱ ተሰማ። ሽማግሌዎቹ ሊመካከሩ ሲነሱ አባባን ከዛፉ ጀርባ ያዝኩት።

«ያቺ ላም ያንተ ናት።»

«ድምፅሽን ቀንሺ።»

«ጎህ ሲቀድ አስገቢያቸው ያልካትም አንተ ነህ?»

«ከብቱን አታስርቢ ነው ያልኳት።»

«የት ታብላ?»

አባባ ሲያስታርቅ የሚያወጣውን ያን ለስላሳ ድምፁን አወጣ። «ልጄ፣ ሃራ አይወራም። እኔ አሁን የኔ ናት ብል የሚዋረደው ማን መሰለሽ? እሷ ናት። ምስጢር አወጣች ይባላል። ለእሷ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

«ለእሷ ብለህ ልትፈርድባት?»

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» አለኝና ትከሻዬን ቸብ አድርጎ ሄደ። አባቴን እወደዋለሁ፤ ዛሬም እወደዋለሁ። በዚያች ቅጽበት ግን ያን ቸብ ያደረገኝን እጅ ነክሼ ብይዘው ደስ ይለኝ ነበር።

ፍርዱን ያነበቡት መምህሩ ናቸው። ባሎቴ ደንብ ጥሰዋልና ለዚህ ዓመት ከሳሩ ድርሻ ይወጣሉ፤ ለሌላው መቀጣጫ ይሁን። ሴቶቹ መሀል ጉምጉምታ ተሰማ። «ጋራችን የተራቆተው እንዲህ ባሉ ራስ ወዳዶች ነው» ሲሉ አቶ ዳርጫ ጨመሩበት። ራስ ወዳድ! ከዚህ በላይ መቀመጥ አልቻልኩም። ብድግ አልኩ። «እኔ የምናገረው አለኝ» አልኩ።

«ተቀመጪ» አለኝ አባባ።

አልተቀመጥኩም። አፌን ስከፍት ግን እማማ ባሎቴ መጥተው ክንዴን ያዙኝ። «አባትሽ ነው። አንቺ አትናገሪ» አሉኝ። የሚያስደነግጥ እርጋታ ነበራቸው። ቀጥለውም ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው «እኔ ቃል አለኝ» አሉ። እስከዚያ ጉባኤው በወላይትኛ ነበር፤ እሳቸው ግን ከወረዳ የመጡት እንግዶች እንዲሰሙ ነው መሰል በአማርኛ ተናገሩ።

«ፍርዱን ተቀበልኩ። ጋራው ይረፍ፤ ምንጩ ሲመጣ ውሃ ያገኘሁት እኔ ነኝ። ሳር ከሌለኝ ላሙን ማብላት አልችልም። የሰው ከብት በእጄ አይሞትም። ሃራ ደግሞ ይመለሳል፤ ስም መጥራት ነው እንጂ ነውሩ፣ መመለስ ነውር አይደለም።»

ሄደው የቀይዋን ቦቃ ገመድ ያዙ። መስኩን አቋርጠው አባባ ፊት ደረሱ። አንድም ስም አልጠሩም። ገመዱን በሁለት እጃቸው፣ ለትልቅ ሰው ዕቃ እንደሚሰጥ፣ ጎንበስ ብለው አቀረቡለት።

አባባ ገመዱን አየ፤ ሕዝቡን አየ፤ እኔን አየ። ላሟ ደግሞ ኪሱን ጀመረችው። ምን ያድርግ? ተቀበለ።

እማማ ባሎቴ ተመለሱ። ሁለተኛዋን፣ ጥቁሯን ላም ፈቱ። እሷን ይዘው ቀጥታ አቶ ዳርጫ ጋ ሄዱ። ሊቀመንበሩ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣመሩ፤ እማማ ባሎቴ ጎንበስ እንዳሉ ቆዩ፤ ሰዉ ጠበቀ። በመጨረሻ ያ እጅ ወጣ። ሦስተኛዋ ላም ፍርዱን ላነበቡት፣ ደንቡንም ላረቀቁት መምህር ደረሰቻቸው።

እማማ ባሎቴን የከሰሱ፣ የዳኙና የፈረዱባቸው ሦስት ሰዎች፣ ሦስቱም ገመድ ይዘው ቆሙ። መጀመሪያ የሳቀችው አንዲት ሽማግሌ ሴት ናት። ከዚያ ሳቁ አለፈና ሌላ ነገር ሆነ። ሴቶቹ አንድ በአንድ ከመስኩ ሲወጡ አየሁ። ተበተኑ ብዬ አዘንኩ። አልተበተኑም። ጥቂት ቆይተው በየአቅጣጫው ላምና ወይፈን እየነዱ ተመለሱ። አንዷ ላሟን ለጤፍ ነጋዴ አስረከበች፤ አንዷ ከእንግዶቹ መሀል ለተቀመጠ ሰው። ማንም ስም አልጠራም። «ይመለስ» ብቻ ነው የሚሉት። ከሰዓት በኋላ ላይ ዱቡሻው በከብት ተሞላ፤ ገመድ የያዘው ደግሞ በዚያ ጋራ ላይ ሳር አጭዶ የማያውቅ፣ ጫማው የተወለወለ ሰው ነበር።

ያኔ ነው የገባኝ። ያን ጋራ አፈሩ እስኪታይ የጋጠው የድሃው ከብት አልነበረም፤ ድሃው ከብት አልነበረውም። የእኛ ነበር። በስብሰባው ሁሉ «ግንዛቤ ማስጨበጥ» እያልን ያስተማርናቸው ሰዎች የእኛ ላም ጠባቂዎች ነበሩ። ግንዛቤ ያስፈለገው ለሶዶ ሰው ነበር።

አባባና እኔ ላሟን በእግር ነዳናት። ባጃጅ ላም አይጭንም። አስፋልቱ ዳር ዳር፣ እሱ በሙሉ ልብስ ከፊት እየጎተተ፣ እኔ በቅርንጫፍ ከኋላ እየነዳሁ። የሚያውቁት ሁሉ እየቆሙ «ጋሼ፣ ላም ገዙ እንዴ?» ይሉታል። እሱም «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። ሶዶ ልንገባ ስንል አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረ።

«ስም አልጠራችም» አለ።

«አልጠሩም» አልኩት።

ቀይዋ ቦቃ ግቢያችን ገባች። እናቴ ለዓመታት ያሳመረችው ሳር፣ ጽጌረዳውና አጥሩ ላይ የተንጠለጠለው አረግ ሳምንት ሳይሞላ ተበልተው አለቁ። ግቢው ጭቃ ሆነ፤ ዝናብ ጠብ ሲል ጎርፉ ሳሎን ገባ። «ይህቺ ላም ወይ እኔ» አለች እናቴ። አባባ ደጃፍ ወንበር አውጥቶ ተቀምጦ ያን የተራቆተ መሬት ሲያይ አገኘሁት። ብዙ ልናገረው አስቤ ነበር፤ መሬቱ ቀድሞኝ ነገረው።

ውድ አንባቢዎች፣ ታሪኬ አባቴ ተጸጸተና ሁሉም አማረ በሚል ቢያልቅ እኔም ደስ ባለኝ። አላለቀም። ከዚያ ቀን በኋላ ሶዶ ውስጥ በየቤቱ የተወገዙት እማማ ባሎቴ ናቸው። «ባህል ሻረች፣ ትልቅ ሰው አዋረደች» ተባለ። ባህሉን የሻረው ላሙን ያለ ሳር የተወው ነው ወይስ የመለሱት እሳቸው?  አቶ ዳርጫና መምህሩ ላሞቻቸውን ሃላሌ በኩል ወዳለ፣ ገና ወዳልተከለለ ሌላ ጋራ ሰደዷቸው። እዚያም የምታበላ አንዲት ድሃ ሴት አታጣም። እዚያም ጋራው ሲራቆት እሷን ሰብስበው ያስተምሯታል።

ፍርዱ ግን አልጸናም። ሴቶቹ «እማማ ባሎቴ ካልተካፈሉ አናጭድም» አሉ፤ የደረሰ ሳር ደግሞ ካልታጨደ ይደርቃል፣ እሳትም ይፈራል። አዲስ ኮሚቴ ተመረጠ፤ ሊቀመንበሯ ሴት ሆነች። እማማ ባሎቴ ድርሻቸውን ለጎረቤት ላም እየሰጡ ፍግ ይቀበላሉ። እንሰታቸው ለምለም ነው።

በእኔስ ምን ተለወጠ? ከዚያ በኋላ የተራቆተ ጋራ ባየሁ ቁጥር የምጠይቀው ጥያቄ ተለወጠ። «ሰዉ ለምን አይገባውም?» ማለት ትቻለሁ። «ላሞቹ የማን ናቸው?» እላለሁ። ይህን ጥያቄ በሥራ ስብሰባ ላይ በማንሳቴ ሁለት ጊዜ ተዛውሬአለሁ፤ አሁንም እጠይቃለሁ። እናንተም ለዘመን መለወጫችን ለጊፋታ በዓል ከገጠር የመጣ ቅቤ ገበታችሁ ላይ ሲቀርብ ጠይቁ። እኔ በዚያ ቅቤ ነው ያደግኩት፤ የዚያ ቦረቦር አንድ ስንዝር የእኔ ነው።

አባባ ግቢውን ቆፍሮ በአጥሩ ዙሪያ ደሾ የሚባለውን የከብት መኖ ሳር ተከለ። ሲደርስለት አንድ ቅዳሜ አብሬው እንድሄድ ጠየቀኝ። እማማ ባሎቴ ደጃፍ ላይ ጎደሬ ይልጣሉ። አባባ ኮፍያውን አውልቆ ቆመ። ጎረቤት ሁሉ በሚሰማው ድምፅ «ቀይዋ ቦቃ የኔ ናት። በሃራ ብትይዢልኝ ብዬ ለመለመን ነው የመጣሁት» አለ። ዓመታት የደበቀውን ሃራ በራሱ አፍ አደባባይ አወጣው።

እማማ ባሎቴ ጎደሬያቸውን መላጥ አላቋረጡም። ልጠው ሲጨርሱ ቢላዋውን ጠረጉና ቀና አሉ።

«ላሙ ይምጣ» አሉ። «ሳሩን ግን አንተ ይዘህ ና።»

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ አባባ ባጃጅ ውስጥ የደሾ ነዶ ጭኑ ላይ ጭኖ ወደ ዲምቱ መንገድ ሲወርድ ታዩታላችሁ። ሰዉ ይስቅበታል። ይሳቅበት።